«ባክላሽ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል



በየመሥሪያ ቤቱ የእንግሊዝኛ ደብዳቤና ጋዜጣ የምታነቡ፥ አንብባችሁም ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ለአለቆቻችሁ የምታቀርቡ ሁሉ «ባክላሽ» የሚባለውን ቃል ሳታገኙት አትቀሩም። ብዙ ጊዜ «ተቃውሞ» ተብሎ ይተረጐማል። ይህ ትርጕም ፈጽሞ ስሕተት ነው ባይባልም የቃሉን ግማሽ አስቀርቶታል፤ የቀረውም ግማሽ ዋናው ነው።

ቃሉ አስቀድሞ የመሐንዲሶች ነበር። ጥርሳቸው የተያያዘ ሁለት መዘውሮች ሲዞሩ በጥርስና በጥርስ መካከል ጥቂት ክፍተት ይኖራል። መዘውሩ ወደ ኋላ እንዲዞር በተደረገ ጊዜ ጥርሱ ያችን ክፍተት በባዶ ከተሻገረ በኋላ ድንገት ይመታል። ባክላሽ የተባለው ይህ ነው። «ባክ» ወደ ኋላ፥ «ላሽ» ደግሞ እንደ ጅራፍ ያለ ምት ማለት ነው።

በዕለት ንግግርም ይኸው ቅደም ተከተል ይጠበቃል። አስቀድሞ አንድ ሥራ ወይም አንድ ለውጥ ይኖራል፤ ከዚያም ብዙ ሰዎች በብርቱ ቍጣ ይመልሱለታል። አንድ ማዘጋጃ ቤት የውሃ ዋጋ ቢጨምርና የከተማው ሕዝብ ቢነሣበት ባክላሽ ይባላል። አንድ ጸሐፊ ብቻውን በአለቃው ቢቈጣ ግን አይባልም። የተቈጡበትን ነገር ለማመልከት «አጌንስት»፥ ቍጣው ከማን እንደ መጣ ለማመልከት «ፍሮም» ይከተለዋል። ስለዚህ ባክላሹን «ተቃውሞ» ብቻ ብላችሁ ብታቀርቡ፥ አለቃችሁ ተቃዋሚዎቹን ይመለከታል እንጂ ቍጣውን ያስነሣውን የራሱን ውሳኔ አይመረምርም።

ይሁን እንጂ ቃሉ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ የዘር አድልዎን የሚከለክለው የሲቪል መብት ሕግ በጸናበት ሰሞን፥ የጥቍሮችን የመብት ጥያቄ የተቃወሙትን ነጮች ቍጣ ጋዜጦች «የነጮች ባክላሽ» አሉት። በዚህ አጠራር ጥቍሩ ቀድሞ የመታ፥ ነጩም የመለሰ ይመስላል። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ግን በ1967 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ይህ ቍጣ አዲስ ነገር ሳይሆን ከጥንት የነበረው ጥላቻ ብቅ ያለበት መሆኑን አመለከቱ። እንግዲህ በአንድ ቃል አመራረጥ ጀማሪና ተከላካይ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ቃሉን ባገኛችሁት ጊዜ ሁለት ነገር ጠይቁ። የተመለሰው ለየትኛው ሥራ ነው? ቍጣውስ ከዚያ ሥራ በፊት አልነበረምን? በእውነት የተመለሰ ከሆነ «የአጸፋ ቍጣ» ብላችሁ፥ ያስነሣውን ነገር ጨምራችሁ ጻፉ። ቍጣው ቀድሞ የነበረ እንደ ሆነ ግን ይህንኑ ግለጡ። አለዚያ፥ አባቶቻችን እንደሚሉት፥ ራሱ ገርፎ ራሱ የሚጮኸውን ጅራፍ ተበዳይ አድርጋችሁ ታቀርባላችሁ።