መብራት ሲመጣ

(በቤቷ ጊቢ የእንጨት ሥራ የምትሠራ አባላችን በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ያደረገችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ማሽንሽ ተናገሪ» ስትለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ በእጄ እንጂ በአፌ ሠርቼ አላውቅም። በኋላ ግን ሁለት እህቶች ከማኅበሩ ተበድረው እንደኔ ያለ ማሽን ሊያሠሩ መሆኑን ሰማሁ። እኔ ያየሁትን እነሱ እንዳያዩ ብዬ ነው ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት።

ብዙዎቻችሁ ጊቢዬን ታውቁታላችሁ። ሥራ ቦታዬ ከኩሽናው ጎን በቆርቆሮ የተሸፈነች፣ አራት ሜትር በሦስት የማትሞላ ናት። መጋዝ ለብቻ፣ ማለስለሻ ለብቻ፣ መሰርሰሪያ ለብቻ ላስቀምጥ ብል ገንዘቡም ቦታውም የለም። ስለዚህ ብረት በያጅ ጎረቤቴ የሠራልኝ ማሽን አንድ ሞተርና አንድ ፔርኖ ነው ያለው። ሞተሩ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ በቺንጋ ፔርኖውን ያዞራል። ጫፉ ላይ የመጋዝ ዲስክ ሳስርበት መጋዝ ነው። ያንን ፈትቼ የብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበትን ዲስክ ሳስር ማለስለሻ ይሆናል። ፑንታ የሚነክሰውን አፍ ሳስርበት ደግሞ መብሻ ነው።

አንድ ሞተር ለሦስት ሥራ መሆኑ በረከት ነው። ግን በቀን አራት አምስት ጊዜ እጅሽ ጥርሱ አጠገብ ይገባል ማለትም ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንጨት እየሰነጠቅሁ ሳለ መብራት ሄደ። «እስኪመጣ ዲስኩን ልቀይር» አልኩ። ማጥፊያውን አልነካሁትም፤ ማሽኑ ቆሟል፣ ምን ያደርገኛል? ዳዶው ላይ ቁልፉን አስገብቼ ጠበቀብኝ። የሚደበደብበት ነገር ላምጣ ብዬ ዞር ስል የጎረቤት ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ። ማሽኑ ተነሣ። ቁልፉ ተወርውሮ ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። እኔ ሁለት እርምጃ ነበር የራቅሁት። ያን ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራሁም፤ ጣቶቼን እየቆጠርኩ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ኃይሉ ነው። ዕቃ ስትቀይሩ ማጥፊያው አይበቃም፤ ሶኬቱ ተነቅሎ በዓይናችሁ ፊት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። መብራት ቢኖርም ባይኖርም። ሁለተኛ፣ ተራ ማጥፊያ አትግጠሙ። መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚለቅ፣ ሲመጣም በእጅ ካልተጫኑት የማያስነሣ ማግኔት ያለው ማብሪያ አለ። እሱን አስገጥሙ። ሦስተኛ፣ የማሽኑ አካል ብረት ነውና የመሬት ሽቦ ይኑረው።

የኔ ሞተር ሁለት የፈረስ ጉልበት፣ ማለት 1.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። በ220 ቮልት ሙሉ ሥራ ሲሠራ ወደ አሥር አምፒር ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ለአፍታ የዚያን ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። በቀጭን ኤክስቴንሽን ከሰጣችሁት ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። እኔ ባለ 2.5 ሽቦ አሳጥሬ ነው የዘረጋሁት፤ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሽቦም ሙቀት ስለሚይዝ ሁሌ እፈታዋለሁ። እንጀራ ስጋግርም ሞተሩን አላስነሣም። ምጣዱና ሞተሩ እንደ ጣውንት ናቸው፤ አንድ መስመር ላይ አይስማሙም።

ቀጥሎ ፍጥነት። ሞተሬ በደቂቃ 1400 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ሞተሩም ፔርኖውም ላይ ባለ ሦስት ደረጃ ፑሊ አለ። ቺንጋውን ሞተሩ ላይ 10 ሳንቲም፣ ፔርኖው ላይ 5 ሳንቲም በሆነው ሳደርገው ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 2800 ይደርሳል፤ ይህ ለ25 ሳንቲም መጋዜ ነው። በእኩዮቹ ላይ ሳደርገው 1400 ይሆናል፤ ለማለስለሻ። ገልብጬ ትንሹን ሞተሩ ላይ ሳደርግ 700 ነው፤ ለወፍራም ፑንታ። በመጋዝ ፍጥነት የምትበሳ ሴት እንጨቱንም ፑንታውንም ታቃጥላለች። ዲስክ ስትገዙም የተጻፈበትን ከፍተኛ ፍጥነት አንብቡ።

አሁን ወደ ማስተካከሉ ልምጣ። በዚህ የከፈልኩት ገንዘብ ነው። አንድ መዋዕለ ሕፃናት 24 በርጩማ አዞኝ ነበር። ሠርቼ አስረከብኩ። በሳምንቱ አሥራ አንዱ ተመለሱ፤ ይወዛወዛሉ። ያመጣቸው ሰው እያወረደ «የሴት ሥራ ነዋ» አለ። እኔም ማታ ላይ አምኜው ነበር፤ እጄን ነበር የጠረጠርኩት። ጠዋት ግን መጋዙን ፈትቼ ሳይ፣ ዲስኩና ዲስኩን የሚያቅፈው ብረት መካከል የምስር ፍሬ የማታክል የደረቀ ኮላ ተጣብቃለች። ማለስለሻውን ፈትቼ መጋዙን ስመልስ ሳልጠርግ አስሬው ኖሯል። ዲስኩ እየተንገዳገደ ሲቆርጥልኝ የሰነበተው በዚያች ነው።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ በቀየርኩ ቁጥር፣ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ይህን አደርጋለሁ።

መጀመሪያ የማሰሪያውን ፊት በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ቀጥሎ በሁለቱ ፑሊዎች ፊት ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፋለሁ፤ ጣውላው ሁለቱንም እኩል ካልነካ ቺንጋው ጠማማ እየሄደ ነው፣ ይበላል፣ ይዘላል። መካከሉን በአውራ ጣት ስጫነው አንድ ሳንቲም ያህል ቢሰጥ ይበቃዋል። ከመጠን በላይ ከወጠራችሁት ኩሽኔታውን ይጨርሳል።

ከዚያ አንዱን የመጋዝ ጥርስ በጠመኔ አቀልማለሁ። ያ ጥርስ ከፊት ሲሆን፣ እንጨት እስከምናስጠጋበት ብረት ያለውን እለካለሁ። ዲስኩን በእጄ አዙሬ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ እወስድና እንደገና እለካለሁ። ያው ጥርስ መሆኑ አይረሳ፤ ዲስኩ ትንሽ ጠማማ ቢሆንም ልኬቱ አይታለልም። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ከኋላ ከጠበበ እንጨቱ ይነከስና ወደ ሆዳችሁ ይወረወራል። ለዚህም ነው ከመጋዙ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን የምቆመው።

በመጨረሻ ስኳድራ። ስኳድራ ግን ራሱ ሊዋሽ ይችላል። አንድ ጣውላ ጎኑን ብረቱ ላይ አስደግፉና ለሁለት ቁረጡት፤ አንዱን ቁራጭ ገልብጣችሁ የተቆረጠውን ፊት ከፊት ግጠሙት። ቀጥ ካለ ብርሃን አያሳልፍም። ክፍተት ካለ የምታዩት ስሕተቱን በእጥፍ ነውና የክፍተቱን ግማሽ ብቻ አስተካክሉ።

ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ነው። አሥራ አንዱን በርጩማ ለማደስ ግን አራት ቀን ፈጀብኝ፤ የወሩንም የብድር ክፍያ ከቁጠባዬ ነው ያወጣሁት።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጠላችንን፣ ሻሻችንን፣ የተለቀቀ ፀጉራችንን ከፔርኖ እናርቅ። ጓንትም አድርጋችሁ አትቅረቡ፤ የሚዞር ነገር ጨርቅ ከያዘ እጅን አይለቅም።

ለደጋፊዎቻችን የምለው አጭር ነው። ለማሽን ስለምትሰጡት ገንዘብ እግዚአብሔር ይስጥልን። በዕቃው ዝርዝር ላይ ግን ማግኔት ያለው ማብሪያ፣ የመሬት ሽቦና ስኳድራ አብረው ይጻፉልን። በዋጋ ከማሽኑ ትንሽ እጅ ናቸው።

ማሽን ለምታሠሩት ሁለት እህቶቼም፦ የመጀመሪያውን ዲስክ ከማሰራችሁ በፊት ጥሩኝ። ቁልፉ የበሳውን ቆርቆሮ እስካሁን አልደፈንኩትም፤ መጥታችሁ እዩት። ቡናም አፈላለሁ።