ስኳር በሽታ የሀብታም ብቻ አይደለም

«ስኳር በሽታ የከተማ ሀብታም በሽታ ነው» ሲባል እንሰማለን። ስሕተት ነው። ስኳር ቀምሶ የማያውቅ የገበሬ ልጅም ይታመማል።

የምንበላው የጤፍ እንጀራ ሆዳችን ውስጥ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ስኳሩን ደም ይወስደዋል። ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ፈሳሽ ያመነጫል። ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ሥጋችን ያስገባል፤ ትርፉን ጉበት ያስቀምጠዋል። ስንራብ ጉበት እንደ ጎተራ መልሶ ያወጣልናል።

ኢንሱሊን ከጠፋ ግን ውሃው በቦይ እየፈሰሰ ማሳው እንደሚደርቅ ይሆናል። ደሙ በስኳር ይሞላል፤ ሥጋው ይራባል። የተረፈው ስኳር ውሃ እየጎተተ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ በሽተኛው ውሃ ውሃ ይለዋል፤ ሽንት ያመላልሰዋል፤ እየበላ ይከሳል።

ይህን ያየን እንደሆነ «ቡዳ ነው» ብለን አንዘግይ፤ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ለአንዳንዱ ኪኒን፣ ለአንዳንዱ የኢንሱሊን መርፌ ይታዘዛል። በ1914 ዓ.ም. በካናዳ አገር ለሞት የተቃረበ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወግቶ ተርፏል።

መድኃኒቱን ሙቀት ያበላሸዋልና በጥላ፣ በቀዝቃዛ ሸክላ ማሰሮ ይቀመጥ። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መርፌውን ግን አያቋርጥ። ቢያቋርጥ በጥቂት ቀን ሊሞት ይችላል።