ከለገሃር ጓሮ የሚጀምር ሙዚየም

ውድ የኮሌጁ ተመራቂዎች፤

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ የመጣሁት በካዛንቺስ በኩል ነው። የሰፈሩ ስም ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም የተወሰደ ነው፤ «ካዛ» ቤት ማለት ነው፣ «ኢንቺስ» የተቋሙ ምህጻረ ቃል። ጣሊያን ከወጣ ሰማንያ ዓመት አልፏል። በ2017 ዓ.ም ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከሰፈሩ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። የታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ ይጣራል። ቤቱ ሄዶ ቃሉ ቀረ።

እናንተም ወርክሾፕ ስትገቡ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ ትላላችሁ። ቃሎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ለገሃር ያልነው ደግሞ ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ያሉትን ጣቢያ ነው። ኢንዱስትሪ አገራችን የገባበት መንገድ በአፋችን ውስጥ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ እጃችን ውስጥ የተጻፈው ነው፤ እሱ እንደ ቃል ከሰው ወደ ሰው በራሱ አይተላለፍም።

አባቴ የምድር ባቡር ቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ያደግሁት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ የባቡሩን ጡሩምባ እንደ ሰዓት እየሰማሁ ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን መስመር የመዘርጋት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሣ፣ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ተመረቀ። መስመሩ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

ለናንተ ግን ከዓመታቱ ይልቅ አንድ ልኬት ልንገራችሁ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ስፋት 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ የአሮጌው ባቡር መንኮራኩር በአዲሱ ሐዲድ ላይ መቆም አይችልም። መለዋወጫውም ከአዲሱ ሊገኝ አይችልም። የድሬዳዋ ወርክሾፕ ሠራተኞች የተሰበረውን ራሳቸው እየቀረጹ ነበር የሚተኩት፤ ሰውየው ከሌለ ዕቃውም የለም። ከአሮጌው ሐዲድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንኳ ካልተጠበቀ ሎኮሞቲቩ ዝም ብሎ የተቀመጠ ብረት ነው፤ ሎኮሞቲቩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ከሌለ ደግሞ ሐዲዱም ብረት ብቻ ነው። ሦስቱ አብረው ይኖራሉ ወይም አብረው ይሞታሉ።

በ2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው የለገሃር መንደር ፕሮጀክት አሮጌውን ጣቢያ እንደ ቅርስ እንደሚይዝ ሲነገር ደስ ብሎኛል። ግን የታደሰ ግድግዳ ብቻውን አይበቃኝም። የምመኘው ጣሪያው ሰማይ የሆነ ሙዚየም ነው፤ ቶርኖው የሚዞርበት፣ የጋለ ብረት የሚቀጠቀጥበት፣ ልጅ ከአያቱ ጋር ፉርጎ ላይ ወጥቶ ጥቂት መንገድ የሚሄድበት። ስዊድኖች በስቶክሆልም ጣሪያው ሰማይ የሆነውን ስካንሰን ሙዚየም የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። በሰሜን እንግሊዝ የቢሚሽ ሙዚየም መሥራች ፍራንክ አትኪንሰን ሰው ያመጣውን ሁሉ ይቀበል ነበር፤ የማዕድን ቆፋሪውን ዕቃም፣ የእናትዬዋንም ማሰሮ። የማይጠቅም የሚመስለው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ቦታውን እንደሚያገኝ ያምን ነበር። እኔም በዚህ አምናለሁ።

ይበልጥ የሚነካኝ ግን የጎረቤታችን የኤርትራ ታሪክ ነው። በጦርነቱ ዘመን የአስመራና የምፅዋ ሐዲድ ተነቅሎ ምሽግ ሆኖ ነበር። ከነጻነት በኋላ መስመሩን መልሰው የዘረጉት በአብዛኛው በጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ናቸው። በእድሜ የገፉ ሰዎች የለመዱትን መሣሪያ እንደገና አንሥተው 118 ኪሎ ሜትሩን መልሰው አስነሡት። እኛ ጋ ያሉት አንጋፋዎችስ? ስንቶቹ በየሰፈሩ፣ በየቡና መጠጫው ተቀምጠው «እንዴት ነበር የምትሠሩት?» የሚላቸው ሰው ይጠብቃሉ! የሰፈር ሰዎች ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ሲበታተኑ ደግሞ እነሱን ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል።

ስለዚህ ከናንተ የምለምነው ትንሽ ነው። ሥራ ፈልጉ፣ ተቀጠሩ፣ ወርክሾፕ ክፈቱ፤ ይህ የሚቀድም ነው። ከዚያ ግን እያንዳንዳችሁ አንድ የቆየ ባለሙያ ፈልጉ። የምድር ባቡር ሰው ባይሆን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰው፣ የማተሚያ ቤት ሰው፣ የወፍጮ ሰው ይሁን። ከእርሳቸው ጋር ተቀመጡ፤ የሥራ ቃላቸውን ጻፉ፣ እጃቸው ሲሠራ በቪዲዮ ቅረጹ፣ ቢፈቅዱ ራሳችሁ እየሠራችሁ እንዲያርሟችሁ አድርጉ። ሙዚየሙ ሲከፈት ብረቱን የሚያንቀሳቅሱት እናንተ ናችሁና።

ይህ በእጄ የያዝኩት የአባቴ ካሊፐር ነው። ዛሬ ለኮሌጃችሁ ወርክሾፕ እሰጣለሁ። ክቡር ዲን፣ አንድ አደራ አለኝ፤ በመስታወት ሣጥን ተቆልፎበት እንዳይቀመጥ። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ወርክሾፑ ክፍት ከሆነ አንድ ተመራቂ ከኔ ጋር ይምጣና የመጀመሪያውን ልኬት አብረን እንለካ።