ወንዙ ሞልቶ ነበር?



አዘጋጆቹ «ስለ አገልግሎት ደስታ ተናገሪ» ሲሉኝ ትንሽ አፈርኩ። ወደ ሚስዮን ሆስፒታሉ ስሄድ እኮ ደስታ ይዤ አልሄድኩም። ደክሞኝ ነበር። ከራውንድ ወደ ዲዩቲ፣ ከዲዩቲ ወደ ቤት። ልጅ ሲሞትብን ማልቀስ ካቆምኩ፣ ለታካሚዎቼ መጸለይም ካቆምኩ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ልቤ ግን አብሮኝ አይሄድም። የሦስት ወር ፈቃድ ያለ ደመወዝ ወስጄ ወደ ወላይታ የወረድኩት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለመሸሽ ነው።

የተመደብኩት እግራቸው ተቆልምሞ የተወለዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክሊኒክ ነበር። ከሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያዳበሩትን ሕክምና ታውቁታላችሁ፤ እግሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ማቃናት፣ በጄሶ መያዝ፣ በሳምንቱ ፈትቶ እንደገና ጥቂት ማቃናት። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጄሶ ይበቃል። ለአብዛኞቹ የተረከዙን ጅማት በትንሽ ቀዳዳ መቁረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ልዩ ጫማ አለ፤ ልጁ 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሞላው ማታ ማታ ይደረግለታል። ከሐኪሙ ይልቅ የቤተሰቡን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሕክምና ነው።

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ይመጡ ነበር፤ እናቱ ዐረብ አገር ናት። በአራተኛው ሳምንት ቀሩ። በሚቀጥለው ሲመጡ ጄሶው ርሶ ተበላሽቷል። ተቆጣሁ። «እማማ፣ እንዲህ ከሆነ ለምን ያደክሙናል?» አልኩ። ነርሷ ወደ ወላይትኛ ልትተረጉም አፏን ከፈተችና ዝም አለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዶክተር፣ ጠዋት በር ላይ ነግረውኛል። ባለፈው ወንዙ ሞልቶባቸው ነው የተመለሱት። ዛሬም ልጁን ትከሻቸው ላይ አድርገው ነው የተሻገሩት» አለችኝ።

ምን ልበላችሁ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄን ይዘው ሳቁ። ያሉትን ነርሷ ተረጎመችልኝ፤ «እኔ እንዲያሻግረኝ እግዚአብሔርን ለመንኩ፤ አሻገረኝ። አንቺ ደግሞ እግሩን አቃኚ።»

ሥራውን ለሦስት አካፈሉት፤ ለእግዚአብሔር፣ ለራሳቸው፣ ለእኔ። ለካ ያደከመኝ ሁሉንም ብቻዬን የተሸከምኩ መምሰሌ ነበር። ያን ቀን ጄሶውን ስጠቀልል ጸለይኩ። ረጅም ጸሎት አልነበረም፤ የልጁን ስም ብቻ ነው የጠራሁት። ደስታም የመጣው ያኔ ነው፣ እግሩ ገና ሳይቃና።

ልጁ ሲራመድ አላየሁም። ልዩ ጫማውን ባደረገ በሳምንቱ ፈቃዴ አለቀ።

አሁን ወደ ድሮ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ዲዩቲው አልቀነሰም፤ መድኃኒቱም አልበዛም። ልጅ ስናጣ ግን እንደገና አለቅሳለሁ፤ እጸልያለሁም። ቀጠሮ ያሳለፈች እናት ስትመጣ ደግሞ ከመቆጣቴ በፊት «ወንዙ ሞልቶ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ።

በዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች እምነታችን ይለያያል። ይህቺን ጥያቄ ግን ሁላችንም ይዘናት ብንሄድ ደስ ይለኛል።