ችግኝ ከማዛመታችን በፊት አፈሩን እናሙቅ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጓሮ አትክልት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የዘር ገንዘብና በጀርባ የተቀዳ ውሃ ያለበት ጉዳይ ነው።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ አዛመትኩ። ችግኙ አልሞተም፤ አላደገምም። አንድ ወር ሙሉ እንደ ቆመ ቀረ። የቅጠሉ ታችኛው ገጽ ወይን ጠጅ መሰለ። በሽታ ነው ብዬ ፍግ ስጨምር፣ ማታ ማታ ውሃ ሳጠጣ ከረምኩ። ለካስ የቀዘቀዘው መሬቱ ኖሯል! አፈር ሲቀዘቅዝ ሥር ይሰንፋል፤ ፎስፎረስ የሚባለውን ምግብ መሳብ ያቅተዋል። ቅጠሉ የጠቆረው ለዚሁ ነው። እኔ ደግሞ በማታ ውሃ ብርዱን አባባስኩት።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም የሌሊቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። 1,000 ሜትር ወደ ታች ሲወረድ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ በተከዜ ሸለቆ ያለ ዘመዳችን በዚሁ ወር ቢተክል ይሳካለታል። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ይችሉታል፤ ቲማቲምና ቃሪያ ግን ሙቀት ወዳድ ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ መደቡን ከቤቱ ወይም ከድንጋይ አጥሩ በስተደቡብ በኩል እንሥራ። ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል።

2ኛ. መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ እናድርግ፤ ውሃ እንዳያመልጥ ዙሪያውን በአፈር እንክበብ።

3ኛ. ከማዛመታችን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በፊት ገለባውን አንሥተን፣ አፈሩን አርጥበን፣ ብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ እናልብሰው፤ ጠርዙን በአፈር እንቅበር። ጥቁሩ ላስቲክ አረም ይከለክላል እንጂ የነጩን ያህል አያሞቅም። በተከላው ቀን ላስቲኩ ይነሣ፤ አለዚያ ችግኙን ይጠብሰዋል።

4ኛ. ውሃ የምናጠጣው ረፋዱ ላይ ይሁን፤ ጀሪካኑም አስቀድሞ ፀሐይ ይምታው።

አንዲት እናት፣ «ገለባው ከተነሣ ውሃው አይተንም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። እውነታቸውን ነው፤ ውሃ በሀገራችን ውድ ነው። መልሱ ግን ጊዜው ላይ ነው። ገለባ ብርዱንም አፍኖ ይይዛልና መጀመሪያ አፈሩ ይሙቅ፤ ችግኙ ሥር ሰዶ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ገለባው ይመለስ።

ቴርሞሜትር ያለው ሰው ጠዋት በ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይለካ። ለቲማቲም 15፣ ለቃሪያ 18 ዲግሪ በተከታታይ ሦስት ጠዋት ከተገኘ ይተከል። የሌለው በማለዳ እጁን አፈር ውስጥ ከትቶ ጥቂት ይቆይ፤ ቅዝቃዜው እጁን ካስወጣው ችግኙም አይችለውምና ይታገሥ።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ለቅሜአለሁ፤ እናንተ አታፍስሱ።