የዓይን ሕክምና ለገበሬው ይቅረብ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ዓይነቱ በዓል ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ገበያ በስፋት ይነገራል። አረሙን ከቡቃያው የሚለየው የገበሬው ዓይን ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም።

በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተካሄደው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያበቃው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ የትራኮማ ድርሻም ከ11 በመቶ በላይ ነበር። ከጠቅላላው ዓይነ ስውርነት ከ80 በመቶ የሚበልጠው አስቀድሞ ሊከላከሉት ወይም በሕክምና ሊመለስ የሚችል ነበር።

ትራኮማ ሲደጋገም የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። በየቤቱ ወረንጦ ይፈለጋል፤ ጸጉሩ ይነቀላል፤ ተመልሶም ይበቅላል። ሕፃናትን አቅፈው የሚያሳድጉት እናቶች ስለሆኑ ጉዳቱ በሴቶች ላይ ይበረታል። ይህን ለማስተካከል የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ የሚሠራው አጭር ቀዶ ሕክምና ይበቃል። የዓይን ሞራ ግን ልዩ ባለሙያ፣ ማይክሮስኮፕና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይፈልጋል፤ እነዚህም በአብዛኛው ያሉት በትልልቅ ከተሞች ነው።

«ሕክምናው እኮ ነፃ ነው» የሚል ይኖራል። የመኪናው ዋጋ፣ የአስታማሚው ቀለብና የከተማው ማደሪያ ግን ነፃ አይደሉም። ዘመቻው በአጨዳ ሰሞን ከመጣማ ማን ማሳውን ጥሎ ይሄዳል? አያት በቤት ሲቀሩ ደግሞ ዱላቸውን ይዞ የሚመራቸው ልጅ ከትምህርት ይቀራል።

ለትራኮማ በጅምላ የሚታደለው ዚትሮማክስ ከአምራቹ ከፋይዘር በልገሳ የሚመጣ ነው። ልገሳው የሚመሰገን ነው። ሆኖም ለጋሽ ሐሳቡን የቀየረ ዕለት ገበሬው ማንን ይጠይቃል? በወረዳው በጀት ላይ በስሙ የተጻፈ ገንዘብ ቢኖር ግን ምክር ቤቱን መጠየቅ ይችላል።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መነጽርን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ነበር የተነሣው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ዕድሜው ከአርባ ያለፈ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል የቅርብ መነጽር ካጣ፣ ያላነበበውን ሒሳብ በፊርማው ያጸድቃል። ይህ ደግሞ የማኅበሩ ጣጣ ነው!

ስለዚህ የወረዳው ምክር ቤት ለዓይን ሕክምና ራሱን የቻለ በጀት ይያዝ፤ በየጤና ጣቢያውም ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራ ነርስ ይመደብ። የመጓጓዣው ወጪም ከሕክምናው ጋር ይታሰብ። መድኑ መነጽርን እንዲሸፍን ጥያቄው በዩኒየኑ ስም ይቅረብ። በየትኛው ቤት ማየት የተሳነው ሰው እንዳለ መሠረታዊ ማኅበራቱ ያውቃሉና መዝግበው ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ያስረክቡ። የዩኒየኑ አዳራሽ ለታካሚዎች ማደሪያ ይሁን፤ ዘመቻውም ውቂያው ካለቀ በኋላ፣ በየካቲትና በመጋቢት ይደረግ።