በእግር ወደ ጅንባር

እሱ፦ ክረምቱ ሲወጣ ጎንደሬ ሁሉ አንድ ጊዜ በእግሩ ሊሄድበት የሚገባ ቦታ አለ፤ የሰሜን ተራሮቹ ጅንባር ፏፏቴ!

እሷ፦ ብዙ ሰው እኮ የሰሜን ተራሮችን የሚያየው ከመኪና ሳይወርድ ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ ሳንቃ በር። ፏፏቴው ግን ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው፤ ያለ እግር አይገኝም።

እሱ፦ ጫካውስ! አስታ ዛፉ ላይ የተንዠረገገውን የዛፍ ሽበት ስትነኪው በጉም ርሷል። ከዚያ የፏፏቴው ድምፅ ይመጣል። አፋፉ ላይ ስትደርሺ ውሃው ከማዶ ወደ ገደሉ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል።

እሷ፦ እባካችሁ ጠርዙ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ። አብሯችሁ የሚሄደውን ስካውት ስሙት።

እሱ፦ በበጋ ውሃው ይቀጥናል። የሚመጣው ከግጭ አምባ ነው፤ ጅባራ ከበቀለበት ሜዳ። ሳሩ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። በግጦሽ ሲራቆት ግን ጎርፍ ሆኖ ባንዴ ይሄዳል።

እሷ፦ የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። በዚያ መሃል የግጭ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። እነሱን ሳናነሳ ውበቱን ብቻ ማውራት ልክ አይመስለኝም።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። የሚሄድ ሰው መሪውንም በቅሎውንም ከደባርቅ ይያዝ፤ ገንዘቡ እዚያው ይቅር።

እሷ፦ ደግሞ በጠዋት ተነሱ፤ ከቀትር በኋላ ጉም ገደሉን ሊሸፍነው ይችላል።